ዲስ 3ን እንግዛ ወይስ እናምርት?

የክርክሩ ጉዳይ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ ቤተ ሙከራ አርኤንኤ (የጂን መልእክት የሚያደርሰው ሞለኪውል) በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚፈርስ ለማጥናት ዲስ 3 የተባለውን አርኤንኤ ቆራጭ የሰው ፕሮቲን ፈልጓል። የተዘጋጀውን ያስመጣ ወይስ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ራሱ ያምርት? ሁለት ተከራካሪዎች በየተራ ጽፈዋል።

ገዢ፦ ሒሳቡን እናስቀድም። ዲስ 3 ባለ 958 አሚኖ አሲድ፣ 109 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። የ20 ማይክሮሊትር ሙከራ በ20 ናኖሞላር ሲሠራ የሚፈጀው 44 ናኖግራም ያህል ነው። 10 ማይክሮግራም የያዘች አንዲት ብልቃጥ ከ200 በላይ ሙከራ ታሠራለች። ለዚህች ጠብታ ብሎ ባክቴሪያ በሊትር ማብቀል፣ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ የኒኬል ሬዚን መግዛት፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ባክቴሪያውን የሚንጠው ሼከር ሲቆም መባነን ለአንድ ስኒ ቡና ችግኝ ከመትከል በምን ይለያል? ደግሞም ይህን ያህል ትልቅ ፕሮቲን በኢ. ኮላይ ውስጥ ወይ ይቆራረጣል፣ ወይ ሳይሟሟ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል።

አምራች፦ ሒሳቡ ልክ ነው። ብልቃጧ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልነገሩንም። የካታሎጉ ርዕስ «ለአርኤንኤ መፍረስ ጥናት» ቢልም፣ ዝቅ ብሎ የአጠቃቀሙ መስመር ላይ «ለኤላይዛና ለዌስተርን ብሎት» (ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ለሚታወቅባቸው ምርመራዎች) ብቻ ከተጻፈ ሻጩ ፕሮቲኑ አርኤንኤ ይቆርጣል አላለም። ያለ ሕያው ሴል፣ በስንዴ ጽንስ ጭማቂ የተሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከኤክሶሶሙ አንዱን ክፍል ለብቻው የሚገዛማ የባሰ ይሳሳታል። (ኤክሶሶም ስል ሴል የሚያወጣቸውን ከረጢቶች ማለቴ አይደለም፤ በ1997 በእርሾ የተገኘውን የአርኤንኤ አፍራሽ ስብስብ ነው።) የሰው ኤክሶሶም ዘጠኙ የቀለበት ክፍሎች ራሳቸው አይቆርጡም። የሚቆርጡት ከቀለበቱ ጋር የሚጣመሩት ዲስ 3ና ኤክሶስክ 10 ናቸው።

ስለ አለመሟሟቱ፦ ከፊቱ ሱሞ የተባለውን ትንሽ ፕሮቲንና ኒኬሉ የሚይዛቸውን ስድስት ሂስቲዲን አሚኖ አሲዶች ይቀጥሉለት። ባክቴሪያው 37 ዲግሪ ላይ አድጎ የብርሃን ጥግግቱ (የብዛቱ መለኪያ) 0.6 ሲደርስ ወደ 18 ዲግሪ ያውርዱት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ፕሮቲኑን ማምረት የሚያስጀምረውን አይፒቲጂ 0.2 ሚሊሞላር ጨምረው እስኪነጋ ይተዉት። ሳይቀዘቅዝ አይፒቲጂ የጨመረ ሰው ነው ዝቃጭ የሚያገኘው። የባክቴሪያው መሰባበሪያ ፈሳሽ 50 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8፣ 500 ሚሊሞላር ጨው፣ 20 ሚሊሞላር ኢሚዳዞልና 10 በመቶ ግሊሰሮል ይሁን። ብረት አሳሪው ኢዲቲኤ እንዳይገባበት፣ ኒኬሉን ከሬዚኑ ነቅሎ ይወስደዋል። ልማድ ሆኖ አርኤንኤ ቆራጩን ኢንዛይም አርኤንኤዝ ኤ የሚጨምር አለ፤ እዚህ ላይ ሥራውን ሁሉ ገደል መክተት ነው። ሬዚኑ የተሞላበት ኮለም ላይ እንዳለ በ1 ሞላር ጨው ይጠቡት፣ የተጣበቀው የባክቴሪያ አርኤንኤ ይለቃል። በመጨረሻ በ260 እና በ280 ናኖሜትር የሚመጠው ብርሃን ጥምርታ 0.6 አካባቢ መሆን አለበት፤ ወደ 1 ከተጠጋ አልጠራም።

ገዢ፦ ከኮለሙ የሚወርደው ዲስ 3 ብቻ ነው ያለው ማነው? ኢ. ኮላይ የራሱ አርኤንኤዝ አር አለው፣ 92 ኪሎዳልተን ገደማ፤ ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ ከዲስ 3 ብዙም አይርቅም። አርኤንኤዝ 2ም አለ። ሁለቱም የዲስ 3 ዘመዶች ናቸው፣ እንደ እሱ አርኤንኤውን ከመጨረሻው፣ ከ3 ፕራይም ጫፍ ጀምረው ይበላሉ። ከመሃል የሚቆርጠው የባክቴሪያው አርኤንኤዝ 1 ሲጨመርማ ከሰው እንግዴ ልጅ የተገኘው የታወቀው አጋች ፕሮቲን እንኳ አይመልሰውም፤ የሚያግደው እነ አርኤንኤዝ ኤን ነው። እኔ በነፍሳት ሴል የተመረተ፣ መቁረጡ ተፈትኖ የተመዘገበለትን እገዛለሁ። የባክቴሪያ ጣጣ የእርስዎ ይሁን።

አምራች፦ ነፍሳትስ የራሳቸው ዲስ 3 የላቸውም? የእርስዎ እንዲያውም ይበልጥ ይመሳሰላል።

አርኤንኤዝ 1ን አርኤንኤ በርዝመት የሚለይበት የሙከራው ጄል ራሱ ያጋልጠዋል። መነሻው፣ 5 ፕራይም ጫፉ ላይ ፋም የተባለ የሚያበራ ቀለም ያለው 30 ኑክሊዮታይድ አርኤንኤ ይውሰዱ፤ ቀለሙ 3 ፕራይም ላይ ከሆነ በመጀመሪያው ንክሻ ይሄዳል። በ0፣ 2፣ 5፣ 15 እና 30 ደቂቃ ናሙና እያወጡ፣ ፎርማማይድና 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ውስጥ ያስቁሙት። ዲስ 3 ይዞ አይለቅም፤ ሙሉው እየደበዘዘ ከታች ከ3 እስከ 5 ኑክሊዮታይድ ያለው ይጎላል፣ መሃሉ ባዶ ነው። መሃሉ ላይ ገና በ2 ደቂቃ የተበታተነ መስመር ከታየ ከመሃል የሚቆርጥ ሌላ ነገር ገብቷል። (ናሙናውን በፈላ ውሃ ለሚያሞቅ፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። 95 ከተባለ ደረቅ ማሞቂያ ይጠቀሙ።)

እነ አርኤንኤዝ አርን ግን ጄል አይለያቸውም፣ በዚህ ተስማምቻለሁ። የሚለያቸው ሚውታንቱ፣ ማለትም ሆን ተብሎ እንዳይቆርጥ የተቀየረው ዲስ 3 ነው። 487ኛው አስፓርቴት ወደ አስፓራጂን ሲቀየር፣ ማለትም በኮዱ ላይ አንዲት ጂ ኤ ስትሆን፣ ይህ የጫፍ አቆራረጥ ይጠፋል። ሚውታንቱም ከቆረጠ የሚቆርጠው ዲስ 3 አይደለም። ማንጋኒዝ ግን አይጨምሩ፤ ፒን የተባለው ሌላው ክፍሉ ከመሃል መቁረጥ ይጀምርና ውጤቱ ይምታታል። ማግኒዥየም ብቻ፣ ከ0.1 እስከ 1 ሚሊሞላር።

ገዢ፦ ስለ ሚውታንቱ ተረትቻለሁ። እሱን ያምርቱ፣ ያልተቀየረውን ዋናውን እንግዛ። ወጪው በግማሽ ይቀንሳል።

አምራች፦ አይሆንም። የእኔ ሚውታንት የኢ. ኮላይን ቆሻሻ ይዞ፣ የእርስዎ ዋናው የነፍሳቱን ይዞ ቢመጣ ምኑን ከምኑ እናነጻጽራለን? ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ በአንድ ባፈር፣ በአንድ ሳምንት ይውጡ። ሬዚኑን መጋራት ግድ ከሆነ ሚውታንቱ ይቅደም፤ ዋናው ከቀደመ ሬዚኑ ላይ የቀረው ትንሽ ዲስ 3 ሚውታንቱን ቆራጭ ያስመስለዋል። ከዚያ በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍሎ በአንዴ ማቀዝቀዝ ነው። ወደ ናኖሞላር ሲያቀጥኑ 0.1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ይጨምሩ፣ ያለዚያ ፕሮቲኑ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ያ የ44 ናኖግራም ሒሳብዎም አብሮ።