ስኳሯ ከ700 የሚያልፍ ወፍ

አክስቴ ስኳር አለባት። ቤቷ ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጠዋት ጣቷን ወግታ መለኪያው ላይ ደም ጠብ ስታደርግ ቤቱ ጸጥ ይላል። ባለፈው ቁጥሩ 210 ላይ ቆመ። «ዛሬስ አለቀልኝ» አለች።

ባዮሎጂ የሚማረው ልጇ «አብሽሪ እማ። ሃሚንግበርድ የምትባል ወፍ አለች፤ አበባ ቀስማ ስትጠግብ ስኳሯ ከ700 ያልፋል» አላት።

«ታዲያ እንዴት ሳትሞት?»

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ተመራማሪዎቹም የሚያሳድዱት ይህንኑ ነው። ዛሬ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ያለው ኬኔት ዌልችና ባልደረቦቹ ወፏን አንዴ የሸንኮራ አገዳ፣ አንዴ የስኳር ቀይ ሥር ስኳር በጥብጠው አጠጧት። በሁለቱ ውስጥ ያለው የከባድና የቀላል ካርቦን ድርሻ ይለያያል። ልትጠጣ ራሷን ጭንብል ውስጥ ስታስገባ ትንፋሿን ይለካሉ፤ የትኛውን እያነደደች እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል። ለካ ክንፏን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል እየመታች አየር ላይ የምትቆመው አሁን በጠጣችው ስኳር ነው። ሳይውል ሳያድር ጡንቻዋ ያነደዋል።

ይህ እኛ አገር ጉባኤ ላይ ቢቀርብስ? የተገኘሁባቸውን አውቃቸዋለሁ። ባነሩ ረጅም ነው፤ የመክፈቻ ንግግሩ ደግሞ ከባነሩ ይረዝማል። ለተማሪው 10 ደቂቃ ይተርፈዋል። እሱን ሳይጨርስ አንዱ እጁን ያወጣል፦ «ለማኅበረሰቡ ፋይዳው ምንድን ነው?» ጥያቄው ክፉ አይደለም። ቀድሞ ሲመጣ ግን የልጁን አፍ ይዘጋል። በእኔ እምነት የአክስቴ ጥያቄ ነበር መቅደም ያለበት።

ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ የለችም። እኛ ደጋ ላይ እሬት ሲያብብ የሚመጣው ሌላ ወፍ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የእኛው ተከዜ አለ። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅ ያብረቀርቃል። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ላይ አርፎ ነው የሚቀስመው። የደሴን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ብርድ ልብስ አይገፋም። ሃሚንግበርድ እንዲህ ሲበርድ ገላዋን አቀዝቅዛ፣ የልቧን ምት ቀንሳ ታድራለች። ፔሩ ተራሮች ላይ ወደ 3 ዲግሪ የወረደች አንዷ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግባለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም የእኛው ወፍ ዘመድ ሌሊት ገላው እንደሚቀዘቅዝ ተለክቷል።

የእኛው የደሴው፣ የጦሳ ተራራው ወፍስ እንዴት ያድራል? ይህን ለመጀመር ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። ፈቃድ፣ ትንሽ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ብርድ የማይፈራ ተማሪ።

የአክስቴ ልጅ አጥሩ ሥር ደብተር ይዞ መቀመጥ ጀምሯል። እሷም ግቢ የሚያጸዳውን ልጅ አስጠንቅቃዋለች፦ «ያን እሬት እንዳትነካብኝ።»