ክርክር፦ የማረሚያ ቤቱን ክፍል ማን ያስተምር?

ጥያቄው፦ የሐዋሳ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለአዋቂ ታራሚዎች መምህር መመደብ አለባቸው ወይ? አንዲት መምህርትና አንድ ባለባጃጅ አባት ተጻጽፈውበታል።

መምህርቷ

አዎ፣ ይመድቡ። ሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ እየገባሁ አስተምሬያለሁ። እኔ ባየሁበት ብዙውን ክፍል የሚያስተምረው ራሱ ታራሚ ነው፤ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ይዞ የገባ ሰው። ጎበዞች ናቸው። ግን ይፈታሉ። የሒሳብ መምህራችን የካቲት ላይ ተፈታ፤ እልል ብለን ሸኘነው። በማግስቱ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያለ ሒሳብ መምህር ቀሩ።

አንድ ሰውዬ ደግሞ የፍርዱን ግልባጭ ይዞ መጣ። ፊደል ከለየ ገና ስምንት ወሩ ነው። «ይግባኝ» የሚለው ቃል ላይ ጣቱን አድርጎ ትርጉሙን ጠየቀኝ። የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ ቁጥር 104 ላይ፣ የእስረኞች ትምህርት ከአገሪቱ ትምህርት ጋር ይያያዝ ይላሉ። ሲፈቱ ሳይቸገሩ እንዲቀጥሉ ነው። ደግሞም እነዚህ ሰዎች ከውጪው ተማሪ ይልቅ በርትተው ይማራሉ።

አባት

እህቴ፣ የመጨረሻዋን መስመር ሦስቴ አነበብኳት። ከውጪው ተማሪ ይልቅ? የውጪው ተማሪ የኔ ልጅ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ለአራት ይቀመጣል። መጽሐፍ በጋራ ነው። ከትምህርት ሲመለስ እናቱን ጉሊት ያግዛል፤ የሚያጠናው ማታ ነው፣ መብራት ካለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ የውጤቱን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መምህር የጎደለው እዚህ ነው።

ባጃጄን የሰረቀኝ ሰው ተፈርዶበታል። የባንኩን ዕዳ እስከዛሬ እኔ እከፍላለሁ። እሱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ ይወጣል። የሚማረውስ ለእውቀት ነው ለአመክሮ?

መምህርቷ

ለአመክሮም ይማር! ማባዛት የቻለ ሰው ለምን ብሎ እንደተማረ አልጠይቀውም። የእርስዎ ልጅስ ለፈተና አይደለም እንዴ የሚያጠናው?

ስለ ባጃጁ ከልቤ አዝናለሁ። ግን ያ ሰው ነገ ሲወጣ ምን ይዞ ይውጣ? ስለዚህ መምህር ብቻ አይበቃም። ታራሚው በከተማው ትምህርት ቤት ሮስተር ላይ ይግባ። ካርዱም ትራንስክሪፕቱም የዚያ ትምህርት ቤት ማኅተም ይኑረው። ማረሚያ ቤት የሚል ቃል አይጻፍበት። ያንን ወረቀት ይዞ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ገና ሳይናገር ነው የሚመለሰው።

አባት

አሁን ደግሞ ማኅተም ሆነ። የተጀመረው በመምህር ነበር። ቀጣሪ የሚቀጥረውን ሰው ማወቅ የለበትም? እኔ ባጃጄን ለሹፌር ስሰጥ ዋስ እጠይቃለሁ።

በርትተው ይማራሉ ላሉትም መልስ አልሰጡኝም። ልጄ አይተኛም። በርትቶ ነው የሚማረው።

መምህርቷ

ዋስ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። ካርድ ግን የዋስ ወረቀት አይደለም። ስምንተኛ ክፍልን ማለፉን ነው የሚናገረው፤ የት ሆኖ እንዳለፈ አይደለም። የእርስዎ ልጅ ካርድ ላይ በአንድ ዴስክ አራት ሆነው መማራቸው ተጽፏል?

አባት

አልተጻፈም። ቢጻፍማ ደስ ባለኝ! ስንት ችግር አልፎ እንዳመጣው ሰው ባወቀለት።

ማኅተሙን ውሰዱ። እኔ ሰው አይማር አላልኩም፤ የሰረቀኝም ቢሆን ይማር። ያቺን መስመር ግን ያንሱልኝ። ልጄ ማንበብ ይችላል፤ ይህንን ያነበዋል።

መምህርቷ

ያቺን መስመር አንስቻለሁ፤ ልጅዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሒሳብ መምህሩን ግን አሁንም እጠይቃለሁ። ከየካቲት ጀምሮ ክፍሉ ባዶ ነው።