ስድስት እንደራሴ ሰጥተው ምርጫውን ወሰዱት

ለዌልስ ፓርላማ፣ ለሴኔድ፣ የሜይ 7 ቀን 2026 ምርጫ የተሰናዳውን አዲስ ካርታ የሚያሞግሱ ሰዎች አንድ ማጽናኛ ይደጋግማሉ፤ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ስድስት እንደራሴ ስለሚኖረው፣ አንዱ ጆሮ ቢነፍግ መራጩ ወደ ሌላው ይሄዳል ይላሉ። ካቀረቡት ሁሉ ደካማው ክርክር ይኸው ነው። የማንን ደጅ እንደሚጠና መምረጥና እንደራሴን መምረጥ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ከምርጫ በኋላ የሚደረግ ልመና ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሕጉ ከመራጩ ነጥቆ ለፓርቲ ጽሕፈት ቤት አስረክቦታል።

ዌልስ ለብሪታንያ ፓርላማ (ለዌስትሚንስተር) የምትመርጥባቸው 32 ክልሎች ሁለት ሁለት እየተጣመሩ 16 ሆነዋል፤ በስድስት ሲባዙ 96 ወንበር። ቁጥሩ ከ60 ማደጉ ላይ ጠብ የለኝም፤ ስኮትላንድ 129፣ ሰሜን አየርላንድ 90 አባላት አሏቸው። ጠቡ ድምፁ በሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። በድሮው ሥርዓት መራጩ ሁለት ድምፅ ነበረው፤ በአንዱ የአካባቢውን ሰው በስም ይመርጣል፣ ከ60ዎቹ 40ዎቹም በዚያ በኩል ይገቡ ነበር። አሁን የቀረው አንድ ምልክት ነው፣ እሱም ለፓርቲ ወይም ለግል ዕጩ። የፓርቲው ዕጩዎች ስም ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ተራቸውን መቀየር ግን አይቻልም። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። በአንድ ክልል 100,000 ድምፅ ተሰጠ እንበል፤ ሀ 34,000፣ ለ 28,000፣ ሐ 13,000፣ መ 11,000፣ ሠ 8,000፣ ረ 6,000 አገኙ። በዶንት ቀመር አንድ ፓርቲ ወንበር ባገኘ ቁጥር ድምፁ ለሁለት፣ ቀጥሎ ለሦስት እየተካፈለ ይሄዳል፤ በየዙሩ ትልቁን ውጤት የያዘው ወንበሩን ይወስዳል። 34፣ 28፣ 17፣ 14 እና 13 ሺህ፤ አምስቱ አለቁ። ለስድስተኛው «ሀ» 34,000ውን ለሦስት አካፍሎ 11,333 ይዞ ይቀርባል፤ «መ» ሙሉ 11,000 ድምፁን ይዞ 334 ጎድሎት ይወድቃል። በ34 በመቶ ድምፅ ግማሹ ወንበር ተወሰደ፤ 25,000 ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ይህን ነው ተመጣጣኝ ውክልና ብለው የሚሸጡልን። አዎ፣ አንደኛ የወጣ ብቻ ከሚያልፍበት ሥርዓት ይሻላል። ከዚያ መሻል ግን ምን ቁም ነገር አለው?

መድኃኒቱ የማይታወቅ አልነበረም። በ2017 የባለሙያዎች ቡድን ከ80 እስከ 90 አባላት ይኑሩ፣ መራጩም ዕጩዎችን በስማቸው 1፣ 2፣ 3 እያለ ደረጃ ይስጥ ብሎ መክሮ ነበር። የወደቀው ዕጩ ድምፅ መራጩ ቀጥሎ ወደ ጻፈው ዕጩ ስለሚተላለፍ ያ 25,000 ድምፅ ሜዳ ላይ አይፈስም። ሰሜን አየርላንድ 18 ክልሎቿን አምስት አምስት አባል ሰጥታ የምትመርጠው በዚሁ ነው። ለካርዲፍ፣ ለሴኔድ መቀመጫ፣ ብቻ ከበደ?

ካርታውንም ተመልከቱ። ብረኼንዮግ ታዌ ኔድ የተባለው አዲስ ክልል በእንግሊዝ ድንበር ካሉት የናይተንና የፕረስቲን የበግ እርሻዎች ተነስቶ የስዋንዚን ምሥራቃዊ ሰፈሮች ያጠቃልላል። ፓርቲው ከዝርዝሩ አናት ሦስት የስዋንዚ ሰዎችን ቢደረድር የሚከለክለው የለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ዕጩው ዌልስ ውስጥ ነዋሪ መሆኑን ነው። የራድነር፣ የዚያ የድንበር አካባቢ፣ ገበሬ ጎረቤቱ ሰባተኛ ላይ ተጽፎ ያየዋል።

ከሁሉም የከፋው ወንበር ሲለቀቅ የሚደረገው የማሟያ ምርጫ መቅረቱ ነው። በኦክቶበር 23 ቀን 2025 በኬርፊሊ ክልል የማሟያ ምርጫ ሌበር ፓርቲ ከ1999 ጀምሮ ሲያሸንፍበት የኖረውን ወንበር በፕላይድ ከምሪ ፓርቲ ተነጠቀ፤ ድምፁም ወደ 11 በመቶ አሽቆለቆለ። በአዲሱ ሕግ ቢሆን ያ ወንበር ሲለቀቅ ከሌበር ዝርዝር ቀጣዩ ሰው ይገባ ነበር፣ የኬርፊሊን ሕዝብ የሚጠይቅ ሳይኖር። አንድ ዝርዝር ከስምንት ስም አይበልጥም፤ ስሞቹ ካለቁ ወንበሩ እስከሚቀጥለው ምርጫ ባዶ ይቀመጣል። የግል ተመራጭ ከለቀቀም እንዲሁ። የሴኔድ አባላት 43 ለ16 በሆነ ድምፅ ያጸደቁት ይህን ነው።

እስራኤል ላለ አንባቢ ዝግ ዝርዝርን፣ መራጩ ተራውን የማይቀይረውን፣ ማስረዳት አያሻም፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ዕጩ ክነሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ መግባት አለመግባቱ ስንተኛ ላይ በመጻፉ እንደሚወሰን ያውቃል። ካርዲፍ፣ ኒውፖርትና ስዋንዚ ላላችሁ ግን፦ 16 ዓመት የሞላውና በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ በሴኔድ ምርጫ መምረጥ ይችላል፣ መመዝገብ ግን ግድ ነው። የምርጫ ጣቢያው መታወቂያ አይጠይቅም። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ከፓርቲው ስም በታች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች አንብቡ፤ ከሲሶ እምብዛም የማያልፍ ድምፅ በሚያገኝ ፓርቲ ዝርዝር ላይ ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ማሟሻ ናቸው።