በርናርድ ሳክስ በተርጓሚነቱም ይታወስ

ቴይ-ሳክስ የሚባል በሽታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሕፃናትን ነው፤ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። የስሙ ግማሽ የኒውዮርኩ የነርቭ ሐኪም የበርናርድ ሳክስ ነው። ሳክስ ሲነሳ የሚወራው ስለዚህ በሽታ ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሠራው አንድ ሥራ የሚገባውን ክብር አላገኘም ባይ ነኝ። ሳክስ ተርጓሚ ነበር። በሽታውንም እንዲያይ የረዳው አንዱ ነገር የትርጉም ሥራው ይመስለኛል።

የተወለደው በ1858 በባልቲሞር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ ከባቫሪያ የመጡ አይሁዳውያን ነበሩ። ጎልድማን ሳክስ የሚባለው ትልቁ ባንክ የስሙን ግማሽ ያገኘው ከወንድሙ ከሳሙኤል ነው። በርናርድ ግን ወደ ገንዘቡ አልሄደም። ሃርቫርድ ከተማረ በኋላ ስትራስቡርግ ሄዶ በ1882 በሕክምና ተመረቀ። በዚያም አላበቃም። ቪየና ቴዎዶር ማይነርት ዘንድ፣ ፓሪስ ሻርኮ ዘንድ፣ ለንደን ሂውሊንግስ ጃክሰን ዘንድ እየተዘዋወረ ተማረ። ያኔ የነርቭ ሕክምናን ጠለቅ ብሎ መማር የፈለገ አሜሪካዊ ብዙ ጊዜ አውሮፓ መውረድ ነበረበት።

ማይነርት የአንጎልን ኮርቴክስ፣ ማለትም የላይኛውን ሽፋን፣ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። የአእምሮ ሕመምን ምክንያት የሚፈልገው እዚያው አንጎል ውስጥ ነበር። መጽሐፉ በጀርመንኛ በ1884 ወጣ። አጻጻፉ ለጀርመኖቹም የሚከብድ ነበር ይባላል። ሳክስ በዓመቱ፣ በ1885፣ በእንግሊዝኛ አወጣው። ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። የሚገርመው፣ ማይነርት ዘንድ ሲግመንድ ፍሮይድም ይሠራ ነበር። እሱም በ1886 የሻርኮን ትምህርቶች ወደ ጀርመንኛ መለሰ። በኋላ ሁለቱ በሐሳብ ተራራቁ፤ ሳክስ ፍሮይድ የመሠረተውን የሥነ ልቦና ትንተና፣ በተለይ በልጆች ላይ ሲሠራበት፣ አጥብቆ ይቃወም ነበር።

አሁን ወደ 1887 እንምጣ። ሳክስ ስለ አንዲት ሕፃን ጻፈ። ስትወለድ ጤነኛ ትመስል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ፈዘዘች፣ ሰውነቷ ላላ፣ ዓይኗም ጠፋ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት አረፈች። ሳክስ ግን ነገሩን በዚህ አልተወውም። አንጎሏን መረመረ፤ የኮርቴክሷ ሕዋሳት ተለውጠው አገኛቸው። የት ማየት እንዳለበት ያውቅ ነበር። የኮርቴክስን ሕዋሳት አንድ በአንድ የሚገልጽ መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ ብዕሩ ተርጉሟል። አንባቢ ያልገባውን አንቀጽ ዘሎ ማለፍ ይችላል፤ ተርጓሚ ግን አይችልም።

እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ዋረን ቴይ በ1881 በአንድ ሕፃን ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ላይ ቀይ ነጥብ አይቶ ጽፎ ነበር። ሳክስ ደግሞ ተመሳሳይ ሕፃናትን እያሰባሰበ ሄዶ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም አሳየ። አንድ ነገር ግን መሸፋፈን የለበትም። ያያቸው ሕፃናት የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ስለነበሩ በሽታውን የእነሱ ብቻ አስመሰለው። ስደተኛን የሚጠሉ ሰዎችም ይህን ተጠቀሙበት። ዛሬ በሽታው በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያንና በሌሎችም ዘንድ እንዳለ ይታወቃል።

በእኛም አገር ትርጉም እንደ ትርፍ ሥራ መታየቱ ያሳዝነኛል። ሐኪሞቻችን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ልጇ የነርቭ ሕመም የያዘባት እናት በአማርኛ ላንብብ ብትል የምታገኘው በጣም ጥቂት ነው። አንድ ጎበዝ ወጣት ሐኪም ዓመቱን ለአንድ ከባድ መጽሐፍ ቢሰጥ ጊዜውን አባከነ ልንለው አይገባም።

ሳክስ የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞችን ማኅበር ሁለት ጊዜ መርቷል። በ1931 በበርን የተደረገውን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የነርቭ ሕክምና ጉባኤም በሊቀመንበርነት መርቷል። በ1944 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ሲሞት የበሽታው ምክንያት ገና አልታወቀም ነበር። የታወቀው በ1969 ነው። ሕፃናቱ ሄክሶሳሚኒዴዝ ኤ የተባለ ኢንዛይም ይጎድላቸዋል፤ መወገድ የነበረበት ስብ የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ይጠራቀማል። ሁለቱም ወላጆች ጤነኛ ሆነው የዘረመል ጉድለቱን ተሸካሚ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከአሽኬናዚ፣ ማለትም ዘራቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ ከሆነ፣ አይሁዶች መካከል ከ30 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን እንጋባለን፤ ተሸካሚ እንዲህ በበዛበት ማኅበረሰብ ግን ዘመድ አለመሆን ብቻውን አይበቃም፣ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

ምርመራው በሰፊው የተጀመረው በ1971፣ በባልቲሞርና በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ አይሁዶች ዘንድ ነው። ሥራውን የመራው ማይክል ካባክ የሚባል ሐኪም ነበር። ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰልፈው ደም ሰጡ። ዘመቻው ወደ ሌሎች ከተሞችና አገሮች ሲዛመት፣ በአሜሪካና በካናዳ አይሁዶች ዘንድ በበሽታው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። በ2022 ደግሞ በዘረመል ሕክምና የተሞከረላቸው የሁለት ሕፃናት ውጤት ታተመ። ፈውስ አይደለም፤ ሙከራው ግን ቀጥሏል።