ምን ይጠብቃሉ?

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። አራት ኪሎ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የማታዋ ፀሐይ ጀርባዬን እያሞቀችኝ ነው። ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ከምንኖርባት ሚኒያፖሊስ፣ ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ቪዲዮ ልካለች። እዚህ ወደ 12 ሰዓት ተጠግቷል፤ እዚያ ገና ጠዋት ነው። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሯል።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የጓሯችን መሬት የለም፤ ሁሉም ነጭ ነው። ከልጆቹ ብስክሌት መሪው ብቻ ብቅ ብሏል። ትልቁ ውሻችን ቆሎ እስከ ደረቱ ሰምጦ እንደ ጥጃ ይፈነጫል። ትንሹ ቻርሊ ቀይ ሹራቡን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን ወደ በረዶው ይሰዳል፣ ይመልሳል። ሌላውን ይሞክራል፣ ይመልሳል። በመጨረሻ ባለቤቴን ገላመጣትና ወደ ቤት ገባ።

ጎረቤታችን እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ይሄ ሁሉ በረዶ ወርዶ ጣራውን አልበሳውም?»

ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄያቸው ልክ ነው። አዲስ አበቤ በረዶ ሲባል የሚያውቀው የሐምሌውን ነው። እንደ ጠጠር ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ልጅ ሆነን ካባራ በኋላ በጣሳ እየለቀምን እንበላው ነበር፤ «ጉሮሯችሁ ይታመምና ጉዳችሁን ታያላችሁ» እየተባልን። የሚኒሶታው ኮቴ የለውም። እንዲያውም ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ዝምታው ነው። የመኪና ድምፅ ሲጠፋ፣ መጋረጃውን ሳልገልጥ መጣሉን አውቃለሁ። ለሁለቱም በረዶ እንላለን። አመዳይ የሚል ቃልም አለን፤ ግን ማን ይለዋል?

ክረምት የሚለውም እንዲሁ ነው። በሄድኩበት ዓመት ጥር ላይ ደውዬ «እማዬ፣ ክረምቱ ከበደኝ» ብላት ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ልጄ፣ በጥር ምን ክረምት አለ?» አለችኝ። አእምሮዬን የነካኝ መስሏት ለሰዓታት ስታለቅስ እንደነበር የሰማሁት ከእህቴ ነው።

እዚህ የበረዶ ቀን ሲባል ሰው እሳት አጠገብ ሆኖ ቡና የሚጠጣበት ቀን ይመስለዋል። እዚያ ግን መጀመሪያ አካፋ አለ። በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጃፍህ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታህ ነው። ካልጠረግህ ከተማው ራሱ አስጠርጎ ሒሳቡን ይልክልሃል። መኪናህንም መንገድ በሚጠረግበት ወገን ካቆምካት ተጎትታ ትሄዳለች። የእኔም በመጀመሪያው ዓመት ሄዳለች። ለማስለቀቅ የከፈልኩትን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ዛሬም አልነግራትም።

አካፋው ሲያልቅ ውሾቹ ይቀጥላሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ቢገባም ውሻ ሽንት ቤት የለውም፤ መውጣት አለበት። መንገዱ ላይ በረዶ ማሟሚያ ጨው ተበትኗል። ጨዉ መዳፋቸውን ያቃጥላል፣ ቢልሱትም ያማቸዋል። ስለዚህ ስንመለስ በር ላይ ሳህን ለብ ያለ ውኃ ይዤ እንበረከካለሁ። ከጣቶቻቸው መሃል ፀጉሩ ላይ የተጋገረውን በረዶ በጣቴ እየፈታሁ፣ አንድ በአንድ ስምንት እግር አጥባለሁ። በፎጣ አደርቃለሁ። ቻርሊ እንደ ንጉሥ ቀጣዩን እግሩን ራሱ ይሰጠኛል።

ይህን ሳወራ እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች።

«የውሻ እግር?»

«አዎ።»

«የአባትህን አጥበህ ታውቃለህ?»

ምን ይመለሳል? ጎንበስ ብዬ ፈንዲሻ ቆረጠምኩ።

እማማ ግን ሌላ ነገር ነበር የገረማቸው። ሲኒያቸውን ፉት አሉና «ለመሆኑ ምን ይጠብቃሉ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ። እውነቴን ነው። ሌባ ቢመጣ ቆሎ እየላሰ ሳሎን ድረስ ይዞት ይገባል።

«ታዲያ ለምን ታበላቸዋለህ?»

ጥያቄው የመጣው ከቡላ አንጻር ነው። ቡላ የእናቴ ውሻ ነው። ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል። ፍርፋሪውን በቆርቆሮ ሳህን፣ አጥንቱን ከሥጋ ቤት ያገኛል። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ዝናብ ሲያባርረው ደፉን አልፎ ነበር፤ እናቴ ምንጣፉን ሁለቴ አጥባዋለች። በነገራችን ላይ እኔም ብሆን የነፍስ አባቴ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እነቆሎን ጋራዥ ነው የምቆልፍባቸው። እሳቸው የውሻ ፀጉር ሶፋው ላይ ያያሉ፣ እኔ እንዳላዩ አያለሁ።

ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ልጅ ይዘው ወደ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሮጡ አይተን፣ ሆድ ላይ ስለሚወጋው መርፌ እየተወራልን ነው ያደግነው። ሚኒሶታ ያሉት ውሾቼ የክትባት ወረቀት አላቸው። ቻርሊን ከመጠለያ ስንወስድ የሞላነው ቅጽ ስንት ሰዓት ብቻውን እንደሚውል፣ አጥር እንዳለን፣ ብንታመም ማን እንደሚረከበው ይጠይቃል። እኔ አገር ስቀይር ማን እንደሚረከበኝ የጠየቀኝ የለም።

ትናንት በካዛንቺስ በኩል አልፌ ነበር። የማውቀው ሰፈር የለም፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል። አንድ ጥግ ላይ ግን ሦስት ውሾች ተኝተዋል። እናቴ ታሪካቸውን ነገረችኝ። ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ውሻ ይዞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አልቻለም። እነሱ ደግሞ ቤቱ ከፈረሰም በኋላ ቦታውን አልለቀቁም። አንድ የምታውቃቸው ሰውዬ ሁለት ታክሲ እየያዙ በየእሑዱ በፌስታል ፍርፋሪ ያመጡላቸዋል አሉ። እነዚያ ውሾችም ቤት ውስጥ ገብተው አያውቁም ይሆናል። ሰውዬውም እግራቸውን አላጠቡላቸውም።

ለእማማ መልስ አልሰጠኋቸውም። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? እሳቸው የእኛን በር ለመክፈት ደውለው አያውቁም። «ኧረ ውሻውን ያዙልኝ!» ብለው ይጮሃሉ፣ ይገባሉ። ሚኒያፖሊስ ግን ባለፈው ታኅሣሥ አራት ቀን ሙሉ እኛን ያንኳኳ ሰው ዕቃ አድራሹ ብቻ ነበር፤ እሱም አስቀምጦ ሮጠ። ከጎረቤቶቼ ስማቸውን የማውቀው ሁለቱን ነው። የውሾቻቸውን ግን ሰባቱንም አውቃለሁ። በዚያ ብርድ ሰው ቆም ብሎ የሚያናግረኝ ቆሎ ከእሱ ውሻ ጋር ሲሸታተት ብቻ ነው፤ ለሁለት ደቂቃ፣ እንፋሎት እየተነፈስን።

በታኅሣሥ እዚያ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ከሥራ ስመለስ ጨልሟል። መኪናዬ ስትታጠፍ የሳሎኑ መስኮት ላይ ሁለት ራስ ይታየኛል፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ሶፋ ላይ ተንጠራርቶ የደረሰ። ይጠብቃሉ። እማማ በጠየቁኝ መጠበቅ አይደለም፣ በሌላኛው።

ሦስተኛው ቡና አለቀ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ቡላን ስምንት ዓመት ያውቁታል። ቢሆንም «ያዙልኝ» አሉ፤ ሰንሰለቱን ይዤ ቆምኩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ለሚስትህ ስትደውል፣ ያንን ትንሹን፣ ሹራብ የለበሰውን፣ ብርድ እንዳይመታው በላት።»