ሦስት ፊደል፣ ስንት ባይት?

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ (C++) ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር ግብግብ ከገጠምኩ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው። አንዱ ኮድ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሂድ ብዬ እኮ ነው! ስትሪንግ ማለት ኮድ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው፤ ዊንዶውስ ሰፊውን ስትሪንግ ይወዳል፣ ሊኑክስ ጠባቡን። እሺ፣ በማክሮ (ኮድ ውስጥ አንዱን ቃል በሌላ በሚተካ ትእዛዝ) ላቀያይር አልኩ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ሰፊው ካራክተር (የሰፊው ስትሪንግ አንዷ ቁራጭ) ራሱ ዊንዶውስ ላይ 2 ባይት፣ ሊኑክስ ላይ 4 ባይት። ስሙ አንድ፣ ልኩ ሁለት! «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት አይደል? ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ 8 (UTF-8) ግን 9 ባይት ትሆናለች። እዚያ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚሞክር ሰው ይሄ ጣጣ አይታየውም። የኔ ፕሮግራም ግን ባይቱን እንደ ፊደል እየቆጠረ የደንበኛውን ስም መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። ዛሬ ማክሮውን ሁሉ ነቅዬ፣ ውስጡን በዩቲኤፍ 8 ብቻ ላደርገው ቁጭ ስል መብራት ሄደ።