«ሊመነኩሱ ነው እንዴ አባባ?»
ለገሃር አካባቢ ካለ አንድ ባንክ አሁን መውጣቴ ነው፤ ደሜ ገና አልበረደም። ጡረታዬ ሲደርስ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው የትውልድ ደሴቴ ወደ ደቅ ለመመለስ አቅጃለሁ። የሄድኩት ጡረታዬን ከደሴቱ ሆኜ የማንቀሳቅስበትን መንገድና ለሞተር ጀልባ መግዣ የምቆጥብበትን ሒሳብ ለመጠየቅ ነበር።

የባንኩ ሠራተኛ ልጅት የሞላሁትን ቅጽ አየት አድርጋ «ደሴት? ሲሼልስ ነው አባባ?» አለችኝ። አባባ! ገና ስልሳ ላልሞላው ሰው! ጋሼ ብትለኝ ምን ይጎድልባት ነበር? ጣና ላይ መሆኑን፣ ተወልጄ ያደግኩበት መሆኑን በትሕትና አስረዳኋት። «እዚያ መነኮሳት ብቻ አይደሉም እንዴ ያሉት? ሊመነኩሱ ነው?» ስትል አጠገቧ ያለው ልጅ ሥራውን ትቶ ይስቅ ጀመር። እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን በደሴቱ ላይ ማሠራታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ዳጉሳ የሚዘራ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሕዝብም እንዳለ ስነግራት «ታዲያ እዚያ ገንዘብ ምን ያደርግልዎታል?» ብላ ጨረሰችኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ይባስ ብላም «ይጸልዩልን» አለችኝ።

ገንዘብ ምን ያደርግልኛል! ከደመወዜ 7 በመቶ፣ በአሠሪዬ በኩል ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ሲገባ የኖረው ለጸሎት ኖሯል? የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ስለሚበሰብስ በየጊዜው ሌላ መሥራት ያስፈልጋል፤ የሞተር ጀልባ ደግሞ ነዳጅ ይጠጣል፣ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ሲጠመጠምበትም ይቆማል። ሌሊት ሕመም ቢነሣብኝ ባሕር ዳር ለመሻገር የማልነካው ተቀማጭ ያስፈልገኛል።

እዚህስ ምን ይዤ ልቀመጥ? በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ያልጨመረው የእኔ ደመወዝ ብቻ ይመስለኛል። የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል፤ አከራዬ ግን በውሉ ላይ አንድ ዋጋ ጽፎ በእጁ ሌላ ይቀበለኛል። ሐኪሙ ስኳሬን አይቶ «እንቅስቃሴ አድርግ» ስላለኝ ካዛንቺስ ወደሚገኝ አንድ ጂም ጎራ ብዬ ነበር፤ የወር ክፍያው ከመብራትና ከውኃ ሒሳቤ ድምር ይበልጣል፤ ይህ ሳያንስ ተቀባዩ ጎረምሳ ከላይ እስከ ታች ገርምሞኝ «ለእርስዎ መራመጃው ማሽን ይበቃል» ብሎኛል። ደቅ ላይ ከቤት ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ጀልባ ማቆሚያ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ መረብ እጎትታለሁ፤ ለዚህም የወር መዋጮ የሚጠይቀኝ የለም። የዚህ ከተማ ሰው ግን ጡረታ ሲባል የሚታየው ጋቢ ለብሶ ፀሐይ መሞቅ፣ ደሴት ሲባል ደግሞ ወይ ቱሪስት ወይ መነኩሴ ነው።

በመጨረሻ የመጣው ኃላፊ በጨዋ አንደበት የባሰውን ነገረኝ፤ ከደሴቱ ቀበሌ የነዋሪነት ማረጋገጫ ካላመጣሁ አድራሻው አይመዘገብም። ነዋሪ ለመባል ከዚህ ወረዳ መሸኛ መውሰድ አለብኝ፤ መሸኛ ስወስድ መታወቂያዬን አስረክባለሁ፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ጡረታዬ እስኪደርስ ቤት የሚያከራየኝ የለም። ከእናንተ መካከል ይህን ቋጠሮ የፈታ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ «ለምን ሞሪሸስ አትሄድም?» የሚል ቀልደኛ ግን ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛዬ አይደለም።